ባሕር አበባ ታማለች

ይስማው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ ተመላልሷል። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን አንድ ቀን እንኳ እግሩን ባሕር ውስጥ አልነከረም። «ዋና የማይችል ሰው ባሕር ዳር ጫማውን አያወልቅም» ባይ ነበር። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ጡረታ በወጣበት ዓመት ባሕሩን ራሱን ጭኖ ሰቆጣ ይገባል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፤ ሚስቱ ታይቱ አልጠረጠረችም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ወደቡ አጠገብ ይስማው ተራው እስኪደርስ ሻይ የሚጠጣበት አንድ ያረጀ ሆቴል ነበር። ከአዳራሹ መካከል ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ የመስታወት ገንዳ ተገትሯል። ውስጡ ዓሣ አለ፤ ኮራል የሚባሉ፣ ድንጋይ የሚመስሉ እንስሶች አሉ፤ ከመካከላቸው ደግሞ እንደ አበባ የሚከፈት፣ ግን ሥጋ የሚበላ ፍጥረት አለ። የሆቴሉ ባለቤት ቤቱን ሊዘጋ ሲነሣ ገንዳውን የሚወስድለት ሰው አጣና ይስማውን ጠራው። «አንተ ስታየው ትውል የለ? ካልወሰድከው ነገ እደፋዋለሁ» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን «ድፋው» ብሎ መኪናውን ያስነሣል። ይስማው ግን ውኃ ብርቅ የሆነበት ወረዳ፣ የደሃና ልጅ ነው። ደሃና ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳን ሺህ ሁለት መቶ ሊትር፣ አንድ ጣሳ ውኃ ሲደፋ ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም። ጫነው። ውኃው ጨው መሆኑ ትዝ ያለው ሚሌ ከደረሰ በኋላ ነው ይላሉ የሚያሙት።

ዓሣውን በበርሜል፣ ድንጋዩን በእርጥብ ጆንያ አድርጎ፣ ከመኪናው ባትሪ አየር እየነፋላቸው ሦስት ቀን ተጓዘ። ግማሹ መንገድ ላይ አለቀ። የተረፈው ግን ሰቆጣ ገብቶ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱን ደፈነ። ሐምራዊው ኮራል የኋላውን ግድግዳ ለበሰው፣ አረንጓዴው እንደ ጎመን ሰፋ፣ በጣት የሚቆጠሩት ዓሦች ተዋልደው መንጋ ሆኑ። ክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያው በአሸንዳ የሚወርደውን ዝናብ ይስማው በሮቶ ያጠራቅማል፤ ከገንዳው በየቀኑ የሚተነውን የሚተካው በሱ ነው። ጨውን በሪሁን የሚባል አዲስ አበባ ዓሣ የሚያረባ ጎልማሳ በጆንያ ይልክለታል።

ይህ የጨው ነገር አያ ደሞዝን እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል። አያ ደሞዝ የሰፈሩ እድር ሊቀ መንበር ናቸው፤ በጉብዝናቸው ዘመን ከአፋር አሞሌ ጨው ጭነው ሲያመላልሱ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። «አገሩ ጨው በጨው ሆኖ ሳለ፣ ጨው ከአዲስ አበባ!» ይላሉ። ይስማው የባሕር ጨው ሌላ ሌላም ነገር የተቀላቀለበት መሆኑን ሊያስረዳቸው ሞክሯል። እሳቸው ግን አሞሌ የተሰደበ ያህል ይቆጥሩታል። ሰፈሩም «ድንጋይ ቀላቢው» የሚል ስም አውጥቶለት ተገላግሏል። ድንጋዩን ለማየት የሚመጣ ሰው ካለ አንድ ጊዜ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ይሄዳል። ታይቱ እንኳ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የኖረችው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» እያለች ነው።

መብራት ለወራት በጠፋበት በዚያ ክፉ ጊዜ ይስማው ገንዳውን ያተረፈው ጣሪያው ላይ በደረደራቸው የፀሐይ ሰሌዳዎችና በአሮጌ የመኪና ባትሪዎች ነበር። ባለፈው ሐምሌ ግን ሁሉም ባንድ ላይ መጣ። ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራ አለ፣ ፀሐይ ከሰማይ ጠፋች፣ እሑድ መብራት ሄደ፣ ሰኞ ባትሪዎቹ ተራ በተራ ሞቱ። ውኃው ካልተንቀሳቀሰ አየር አይገባበትም፤ በሰቆጣ ደጋ ደግሞ አየሩ ራሱ ቀጭን ነው። ይስማው ጣሳ አነሣ። ከገንዳው ይቀዳል፣ ከራሱ በላይ ከፍ ያደርጋል፣ መልሶ ያንቆረቁራል፤ ውኃው ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። የሚያግዘው ሰው የለም። ታይቱ ታናሽ እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ኒሯቅ ከሄደች አሥር ቀኗ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ባሕር አበባዋ ታማ አገኛት። ባሕር አበባ የሚላት ያችን ሥጋ የምትበላዋን ነው። ደህና ስትሆን ሰፌድ ታህላለች፤ ክንዶቿ ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ጎጆ አድርገዋት ይኖራሉ። አሁን ግን ተኮማትራ ጭብጥ አክላለች። ይስማው ስልኩን አነሣና በሪሁን ዘንድ ደወለ። ከሞተር ጋር ያረጀ ጆሮ ስላለው ስልክ የሚያወራው ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቶ፣ እሱም እየጮኸ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ጎረቤቱ ጸሐይነሽ ለጣሪያው ጠፈጠፍ ባልዲ እየደቀነች ነበር።

«በሪሁን! ባሕር አበባ ታማለች!»

«ምን ሆነች ጋሼ?»

«ከእሑድ ጀምሮ ምግብ በአፏ አልዞረም። ሰውነቷ ሟሟ። ዛሬ ደግሞ አፏን ከፍታ ቀረች፤ እግሯም ለቀቀ!»

«እግሯ ከለቀቀማ አበቃ። አውጥተህ ጣላት።»

«እንዴት አድርጌ ነው የምጥላት? አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬ!»

«እዚያው ከሞተችብህ ቤቱን በሙሉ ነው የምትመርዘው፤ አንድ ነፍስ አይተርፍም። ሳትሞት ጣላት!»

«ታይቱ እኮ የለችም...»

«ታይቱን መጠበቅ የለም!»

ጸሐይነሽ ከዚህ በኋላ ያለውን አልሰማችም፤ ነጠላዋን አጣፍታ እየሮጠች ነበር። አይፈረድባትም። ጸሐይነሽ፣ ጥሩሐረግ፣ የትናየት በሚባልበት አገር ባሕርአበባ የምትባል ሴት ብትጨመር ማን ይደነቃል? ሰፈሩ የሚያውቀው ገንዳው «ድንጋዩ» መባሉን እንጂ ከድንጋዩ ውስጥ ስም የወጣላት መኖሯን አይደለም።

ስልኩ ላይ ወሬው ቀጥሏል። «ሽታዋስ እንዴት ነው?» አለ በሪሁን። «የሞተች እንደሆነ በጠረኗ ትለያለች። ከሸተተች ጣላት፤ ካልሸተተች ጠብቃት። ሌላ መለያ የለም።» ይስማው በምኑ ያሽት? ሃያ ሁለት ዓመት ናፍጣ ሲምግ የኖረው አፍንጫው ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ለሱ ጽጌረዳና የሞተ አይጥ አንድ ናቸው። ገንዳውን የምታሸትለት ታይቱ ነበረች። እሷ እያጉረመረመች መጥታ «ድንጋይህ ዛሬ ጎምዝዟል» ስትለው እሱ ውኃ ይለውጣል። ኒሯቅ ደግሞ ያን ሰሞን ስልክ አይሠራም። ይስማው ስልኩን ዘግቶ ጣሳውን አነሣ። ባሕር አበባ ከሞተች ገንዳው አብሯት ይሞታል፤ ሳትሞት ከጣላት ደግሞ በገዛ እጁ ገደላት። ሁለቱን የሚለይለት አፍንጫ ሁለት ወረዳ ማዶ ገንፎ እያገነፋ ነው።

ጸሐይነሽ በበኩሏ ሁለት ሥራ ሠራች። መጀመሪያ ወደ ኒሯቅ ሊነሣ የነበረውን፣ መልሰው የሚባለውን የአይሱዙ ሾፌር አስቁማ፣ «ለታይቱ ንገርልኝ፤ ባልሽ ባሕርአበባ የምትባል ሴት ቤት አስገብቶ፣ ታማበት፣ ሳትሞት አውጥቶ ሊጥላት ነው በላት» አለችው። ከዚያ አያ ደሞዝ ቤት ሄዳ ያንኑ ደገመች፤ ወሬ መንገድ ላይ ትንሽ ስለምትፋፋ «እግሯን ሰብሯታል» የሚል ተጨመረበት። አያ ደሞዝ ከዘራቸውን አነሡ።

ረቡዕ ጠዋት የእድሩ ሰዎች ይስማው በር ላይ ቆሙ። ፊት አያ ደሞዝ፣ ከኋላ ስድስት ሽማግሌ፣ ከዚያ ጸሐይነሽ በሰፌድ ዳቦ ይዛ፣ በመጨረሻ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ትሁት የምትባል ነርስ የደም ግፊት መለኪያዋን አንግባ። ይስማው በሩን ሲከፍት እስከ ክርኑ ርሷል፤ ዓይኑ ከእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«እንደምን አደርክ ይስማው» አሉ አያ ደሞዝ ኮስተር ብለው። «ባሕርአበባ እንዴት አደረች?»

የይስማው ዓይን እንባ ሞላ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚህ ሰፈር አንድ ሰው ስለ ገንዳው ደህንነት ጠይቆት አያውቅም። አሁን እድሩ ሙሉ ዳቦ ይዞ ሊጠይቅ መጣ!

«እግዜር ይስጥልኝ አያ ደሞዝ። እንደ ትናንትናው ናት። ይግቡ፣ ግቡ!»

ተቀመጡ። አያ ደሞዝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ካንተ ጋር ስንት ጊዜ ሆናት?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

ጸሐይነሽ ደረቷን ደቃች። «ታይቱ እያወቀች?»

«ታይቱማ የምታበላት እሷ አይደለች? በእጇ ነው የምታጎርሳት። እኔ ሳጎርሳት አትወድም።»

ሽማግሌዎቹ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጥኛ ተንሾካሾኩ። ታይቱን ሁሉም ያውቋታል፤ ጣውንቷን በእጇ ታጎርሳለች ተብሎ የምትታማ ሴት አይደለችም።

«ለመሆኑ አገሯ ወዴት ነው?»

«ከጅቡቲ ነው ያመጣኋት። በበርሜል።»

«በበርሜል!» አሉ አያ ደሞዝ። ግመል ላይ ብዙ ነገር ጭነዋል፤ ሴት በበርሜል ጭኖ የመጣ ነጋዴ ግን ሰምተው አያውቁም። ነገሩን ለማለዘብ ብለው፣ «መቼም ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጾም ትጾማለች?» አሉ።

«ከከፋትማ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ትጾማለች። ምንም አትቀምስ።»

«ባሕታዊት ናታ!» አሉ አያ ደሞዝ፤ ድምፃቸው ወዲያው ተለወጠ። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ ይህ ጉድ ሊጥላት የተነሣው።

ትሁት የጨዋታው አካሄድ አላማራትም። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ግፊቷን ልለካት። የት ተኝታለች?»

«ተኝታ እንኳ አይደለም፤ ተገልብጣለች» አለ ይስማው፤ መጋረጃውንም ገለጠ።

ገንዳው በደመናው ብርሃን ደብዝዞ ቆሟል። ከታች፣ አሸዋው ላይ፣ የተጨመቀ ሎሚ የመሰለች ነገር ወደ ጎን ተጋድማለች። ሁለቱ ብርቱካናማ ዓሦች ከላይዋ ላይ ይንከራተታሉ። ትሁት መለኪያዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ጸሐይነሽ ሰፌዱን ይዛ፣ አንዴ ገንዳውን አንዴ ይስማውን ታያለች፤ ምድር ብትውጣት በወደደች። አንደኛው ሽማግሌ «እንግዲህ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎ ሊነሣ ሲል አያ ደሞዝ በከዘራቸው ያዝ አደረጉት።

«ተቀመጥ። ደንባችን የታመመ ይጠየቃል ነው የሚለው። ምን የታመመ አይልም።»

ይህን የተናገሩት ለቀልድ አልነበረም። የይስማውን ክንድ አይተዋል። ሰውዬው እንግዳ እያነጋገረም ጣሳውን አላስቀመጠም፤ ይቀዳል፣ ያነሣል፣ ያንቆረቁራል፤ ክንዱ አብጧል። «ምንድን ነው የምታደርገው?» አሉት። አየር እያስገባሁ ነው አለ። «እነዚህ ሁሉ ነፍስ አላቸው?» አዎ አለ፣ ድንጋይ የሚመስሉት ሁሉ አንድ በአንድ ነፍስ አላቸው። አያ ደሞዝ ጋቢያቸውን አወለቁ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። «አምጣ ጣሳውን» አሉ። «ለአጨዳ ደቦ የሚወጣ አገር ለዚህ አይሰንፍም።»

እውነትም ደቦ ሆነ። አንድ ሰው መቶ ጣሳ ካንቆረቆረ በኋላ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ቀን ላይ ወሬውን የሰማው ሁሉ መጣ፤ ባሕርአበባን ለማየት የመጣ ባሕር አበባን አይቶ፣ ስቆ፣ ከዚያ አፍሮ ጣሳ ይይዛል። ጸሐይነሽ ለንስሐዋ ይሆን ለሌላ አይታወቅም፣ ሦስት መቶ ሳትቆጥር አልለቀቀችም። ይስማው በሁለት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ አንቀላፋ።

ሐሙስ ጠዋት ባሕር አበባ ያው ነች። ትሁት ጤና ጣቢያ የሞላችውን ስልኳን አምጥታ በሪሁን ዘንድ ደወለች። በሪሁን ደግሞ አልተሻሻለም። «እስከ ቀትር ካልተሻላት ጣሏት። ሽታዋ ምን ይላል? ሽታዋን ንገሩኝ!»

ይስማው ሰው ሁሉ እንዲያሸትለት ለመነ። ተራ በተራ ገንዳው ላይ አጎነበሱ። አንዱ «የታጠበ በግ በግ ይላል» አለ። ሁለተኛው «ቆዳ ፋቂ ቤት ነው» አለ። ጸሐይነሽ ሸታለች አለች፤ ቆየት ብላ ደግሞ የሸተተው የራሷ እርጥብ ነጠላ ሆኖ አገኘችው። አያ ደሞዝ ብዙ ከማሰብ በኋላ «ጥሩ አሞሌ ነው የሚሸተው» አሉ፤ ግን እሳቸው አሞሌን ስለሚወዱ ምስክርነታቸው ተጠረጠረ። ባሕር ሸትቶት የማያውቅ ሰው የበሰበሰ ባሕርን ካልበሰበሰው በምን ይለያል? ለነሱ ደህናውም ባሕር ገና ከመነሻው ይሸታል።

እድር መቼም ሲጨንቀው እጅ ያስወጣል። «ሞታለች የሚል?» አሉ አያ ደሞዝ። አሥራ ሰባት እጅ ወጣ። «አልሞተችም የሚል?» ዘጠኝ። ትሁት «እኔ ለሥራ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ እድሩ ውስጥ የለሁበትም» ብላ ሁለቱንም እጇን ኪሷ ከተተች። ተፈረደ።

ይስማው እጅጌውን ሰበሰበ። ሳፋ ተዘጋጀለት። ሃያ ስድስት ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል፤ የሚያንቆረቁረው ሰው እንኳ አቆመ። እጁን አስገብቶ በመዳፉ ታቀፋት። ለስላሳ ናት፤ ቀዝቅዛለች። የሚታቀፈው ሬሳ ይሁን ሕመምተኛ አያውቅም፤ ባለማወቁም በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። «ይቅር በይኝ» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማው።

ያኔ የአይሱዙ ጥሩምባ ከበር ላይ ጮኸ።

ታይቱ ስትገባ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ለጥበቃ የያዘችው ከዘራ ገና በእጇ ነው። ሰዉ ተከፍሎ አሳለፋት፤ ጸሐይነሽ ከወዲሁ ማልቀስ ጀመረች። ታይቱ ለማንም ሰላም አላለችም። ቀጥ ብላ ወደ ባሏ ሄደች።

«እጅህን አውጣ!»

አወጣ። ታይቱ ጣሳውን ቀማች፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከትታ ከባሕር አበባ ሥር ውኃ ቀዳች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሽ የሳበ ሰው አልነበረም፣ ከሷ በቀር። አንድ ጊዜ አሸተተች። ጣሳውን ደፍታ ደግማ ቀድታ አሸተተች። ከዚያ አመልካች ጣቷን ውኃ ውስጥ ሰዳ ከተኮማተረው ክንድ አንዱን ነካች፤ ጥቂት ቆይታ ጣቷን ወደ ኋላ ስትስብ ክንዱ ተለጥፎ አብሮ ተሳበ።

«ያዘችኝ» አለች። «ሞት አይሸትም። ብርድና ረኃብ ነው። ማነው ባለ ተራ? ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፣ አንቆርቁሩ እንጂ!»

አያ ደሞዝ «አሞሌ ነው ብያለሁ» እያሉ ጣሳ አነሡ። ይስማው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ አለቀሰ፤ ማልቀሱንም አልደበቀም። የሚቸኩል አንባቢ ካለ አስቀድሜ ልንገረው፤ መብራት የመጣው ዓርብ ረፋዱ ላይ ነው፣ ባሕር አበባም ቅዳሜ እግሯን ድንጋይዋ ላይ ተክላ ተከፈተች።

የዚያን ሐሙስ ከሰዓት ግን ጸሐይነሽ ሐፍረቷ አላስቀምጥ ቢላት ታይቱ አጠገብ መጥታ ቆመች። «በምን አፌ ይቅርታ ልበልሽ? እንደዚያ ያለ መልእክት ልኬብሽ! ባሌ ሴት አስገባ ብለሽ አንጀትሽ አርሮ...»

«የምን ሴት?» አለች ታይቱ፤ ቆጠራዋ እንዳይጠፋባት ጣሳውን ከፍ አድርጋ ይዛ። «ባሕር አበባ ማን እንደሆነች እኔ አላውቅም? አጉርሼ ያሳደግኳት እኔ!»

«ታዲያ ካወቅሽ፣ በዚህ ዝናብ፣ ጭነት ላይ ተቀምጠሽ፣ አራስ ጥለሽ ምን አስሮጠሽ?»

«ሊጥላት ነው አላችሁኝ እንጂ! ሳያሸት!» አለች ታይቱ። «ሴት ይዟል ብቻ ብትሉኝ ኖሮማ፣ ክርስትናውን በልቼ ቀስ ብዬ እመጣ ነበር።»